አሮጌው ትራክተርና ትናንሽ ልጆቻችን

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች ምግብ፣ ስለ ትምህርታቸውና ስለ ጨዋታቸው በየወሩ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ይኸውም ከብዙ ዘመን በፊት የተሠራ፣ ተበላሽቶ ከቆመበት ተነሥቶም እንደ ገና የታደሰ ትራክተር በቤቱ ያለው አባት፣ ደስታውን ለትናንሽ ልጆቹ እንዴት አድርጎ ሊያካፍላቸው ይገባል የሚለው ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ አሮጌ ትራክተር ማደስ የታወቀ የቤተሰብ ሥራ ስለ ሆነ፣ ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቁመው በበጋ ወራት ትራክተሮቻቸውን አጥበውና ቀለም ቀብተው በአደባባይ ያሰልፋሉ፤ አያት፣ አባትና ልጅ አብረው ይመጣሉ። በእኛ አገር ግን የአሮጌ ትራክተር ዕድል ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እስከ ዛሬ ድረስ በእርሻ ላይ ደፋ ቀና ሲል ይገኛል፣ ወይም በአንድ ግቢ ጓሮ ሣር በቅሎበት የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ይቀራል።

የእኛው ከሁለተኛው ወገን ነበረ። ማሴ ፈርጉሰን 135 ይባላል። በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ ይሠራ የነበረ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት፣ ኮፈኑ ቀይ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ግራጫ የሆነ ትራክተር ነው። ያገኘነው በአርሲ፣ ከአሰላ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ ግቢ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ነው። ራዲያተሩ ተፈትቶ ተወስዷል፤ የፊት ጎማዎቹ አልቀዋል፤ ማርሚታው በዝገት ተበስቶ በውስጡ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። ሞተሩን ፈትቶ ለመግጠም ሁለት ክረምት ፈጀብን። ይህ ዓይነቱ ትራክተር በፓኪስታንና በቱርክም በፈቃድ ሲሠራ ስለ ኖረ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፊልትሮና የፍሪሲዮን ሸራ ከአዲስ አበባ ገበያ ለማግኘት ብዙ አልተቸገርንም። የከበደን ነገር ሌላ ነው።

ሥራውን ስንጀምር ልጃችን ሰባት፣ ወንድሟ አራት ዓመታቸው ነበረ፤ ዛሬ አሥርና ሰባት ሆነዋል። ትራክተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ግቢያችን የገባ ዕለት፣ ሁለቱም በአንድ ድምፅ የጠየቁን «መቼ ነው የምንወጣበት?» ብለው ነው። የዛሬውን ጽሑፋችንን ያስጻፈን እንግዲህ ይኸው ጥያቄ ነው። ልጅን አንሥቶ በፓራፋንጎው ላይ ወይም በጭን ላይ አስቀምጦ ሜዳውን መዞር፣ ከሁሉ የቀለለና ከሁሉ ፈጥኖ የሚያስደስት የማካፈል መንገድ ነው። እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረግነውም፤ አናደርገውምም። ምክንያቱን ከመናገራችን በፊት፣ ልጆቹ ከዚያ መቀመጫ በቀር ያልተነፈጉት ምን እንደ ሆነ እንግለጽ።

የመጀመሪያው ሥራቸው ብሎንና ዳዶ መለየት ነበረ። ከየክፍሉ የተፈታው ብሎን በባዶ የቲማቲም ጣሳ እየተከፈለ ይቀመጣል፤ ታላቂቱ ለእያንዳንዱ ጣሳ ቁጥር ሰጥታ በደብተሯ ትመዘግበዋለች፤ ታናሹ ደግሞ ብሎኑ የወጣበትን ቀዳዳ እየፈለገ «ይህ የዚህ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ባይሆንም፣ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነበረ። የአራት ዓመት ልጅ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጭቃው ይሄዳል፤ ሊሄድም ይገባል። በግድ ቢቆይ ሥራው ይጠላበታል እንጂ የሚማረው አይጨምርም። ከጣሳዎቹ ቀጥሎ የመጣው እጥበት ነው፤ በሳሙና ውሃና በብሩሽ የኋላውን ጎማ ቸርኬ ሲያጥቡ ከትራክተሩ ይልቅ እነርሱ ይርሱ ነበር። ከዚያም ስም ማወቅ መጣ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፖምፓ፣ እያሉ በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። የጋራዥ ቃሎቻችን አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸውን በነገርናት ጊዜ ልጂቱ እጅግ ተደንቃ፣ በማግሥቱ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ ሁሉ ጣልያንኛ እንደምታውቅ አወራች።

ከአንዳንዱ ሥራ ግን ፈጽመው የተከለከሉ ናቸው። የዱሮ የማሽን ቀለም ብዙውን ጊዜ እርሳስ የሚባለው ማዕድን የተቀላቀለበት ነበረ፤ ቀለሙ ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ ለሕፃናት አእምሮ ክፉ መርዝ ነው። የዱሮ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራም አስቤስቶስ ይገባበት ስለ ነበረ፣ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ ቀለሙን በፋቅንበት ሳምንት ልጆቹ ወደ ዘመድ ቤት ተላኩ፤ እኛም ልብሳችንን ሳንለውጥና ሳንታጠብ አላቀፍናቸውም። የፍሬኑን ቤት ስንከፍትም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው እንጂ በአየር አልነፋነውም። ይህን የምንጽፈው አንዳንድ ባለ ጋራዦች የፍሬን ብናኝ በአፋቸው እፍ ብለው ሲያራግፉ፣ ሕፃን ልጃቸው ከጎናቸው ቆሞ ስላየን ነው።

ሥራ በማይኖርበት ምሽት ተረት አለ፤ ተረት እንበለው እንጂ ሁሉም የሆነ ነገር ነው። ሃሪ ፈርጉሰን በ1884 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ አገር ከገበሬ ቤት የተወለደ ሰው ነው። የአባቱን እርሻ አልወደደም፤ የወደደው ሞተር ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ራሱ በሠራው አውሮፕላን 120 ሜትር ያህል በረረ፤ በአየርላንድ ምድር ላይ በአውሮፕላን የበረረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። ታናሹ ልጃችን ከዚህ ታሪክ የሚወደው ርቀቱን ነው፤ ከበራችን ጀምሮ እየሮጠ 120 ሜትሩን በእርምጃ ለክቶ፣ «ይህንማ እኔም እሮጠዋለሁ» ብሎናል።

ለልጂቱ ደግሞ ደስ የሚላት የማረሻው ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩት ቀላል ትራክተሮች ማረሻውን እንደ ጋሪ ከኋላቸው እየጎተቱ ይሄዱ ነበር። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር የተጋጠመ እንደ ሆነ ጎማው ወደ ፊት መሄድ ይሳነዋል፤ ሞተሩ ግን መታገሉን አይተውም፤ እንግዲያው የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣና ትራክተሩ በጀርባው ተገልብጦ በነጂው ላይ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት የሞቱ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። ፈርጉሰን ያሰበው መላ፣ ማረሻውን በሦስት ክንዶች ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል ማድረግ ነው። ሁለቱ የታች ክንዶች ይስባሉ፤ አንዱ የላይኛው ክንድ ወደ ፊት ይገፋል፤ ያም ግፊት አፍንጫውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ይህን ለልጅ ለማስረዳት መጽሐፍ አያሻም። ልጂቱን ከኋላ ወገቧን ይዘን እየሳብን፣ በሌላው እጃችን ትከሻዋን ወደ ፊት ገፋ ስናደርጋት ወዲያውኑ ገባት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ትራክተር ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ የሦስት ክንድ አሠራር ይዞ ይገኛል፤ የእኛም 135 በዚያ ሰው ስም የሚጠራው ኩባንያው በ1953 እ.ኤ.አ. ማሴ ሃሪስ ከሚባለው የካናዳ ኩባንያ ጋር በመዋሐዱ ነው።

ሌላው ታሪክ የደቡብ ዋልታ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. በጥር ወር መጀመሪያ፣ ኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ ቀደም ብሎ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ ከጓደኞቹ ጋር በሦስት የፈርጉሰን ትራክተሮች በረዶውን አቋርጦ ደቡብ ዋልታ ደረሰ። እነዚያ ትራክተሮች ለእርሻ የተሠሩ ትናንሽ ትራክተሮች ነበሩ፤ በጎማዎቻቸው ዙሪያ እንደ ታንክ ያለ ሰንሰለት ከማጥለቅ በቀር ብዙ የተለወጠ ነገር አልነበራቸውም። በሞተር ተሽከርካሪ በምድር ተጉዞ ደቡብ ዋልታ የደረሰ ከእነርሱ በፊት አልነበረም። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደ ተናገርነው ቆጥረን አንዘልቀውም፤ አንድ ቃል ብንዘልልም ያርሙናል።

አሁን ወደ መቀመጫው ነገር እንመለስ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ፣ በሥራው የምናከብረው ገበሬ፣ «እኛስ በአባቶቻችን ጭን ላይ ተቀምጠን አይደለም እንዴ የለመድነው? ምን ሆንን?» አለን። እርሱ ምንም እንዳልሆነ በሕይወት ቆሞ ይመሰክራል፤ አንድ ነገር የሆኑት ልጆች ግን ለምስክርነት አይመጡም።

የትራክተር መቀመጫ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ፓራፋንጎው ጎማውን እንዲሸፍን እንጂ ሰው እንዲቀመጥበት አልታሰበም። ትራክተር እንደ መኪና ባሊስትራ የለውም፤ ጎማው አንድ ድንጋይ ላይ ቢወጣ መንገጫገጩ ሁሉ ለተቀመጠው ሰው ይደርሰዋል። ከዚያ የሚወድቅ ልጅ ደግሞ የሚወድቀው ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ኋላው ጎማ ፊት ነው። ያ ጎማ ከታናሹ ልጃችን ቁመት ይበልጣል፤ ትራክተሩ በጠቅላላው ከአንድ ሺህ ኪሎ ግራም እጅግ ይበልጣል። ነጂው የልጁን አለመኖር ዐውቆ ፍሬን እስኪረግጥ ጎማው ሥራውን ጨርሷል። ጭን ላይ የተቀመጠውስ? አባቱ በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ ልጁን ይይዛል፤ ለማርሹና ለማንሻው የሚሆን ሦስተኛ እጅ ከወዴት ያመጣል?

ከኋላው የሚሽከረከር አጭር ዘንግ አለ፤ ባለሙያዎች ፒ.ቲ.ኦ. ይሉታል። ወፍጮም ሆነ የውሃ ፖምፓ የሚያዞረው እርሱ ነው። በደንበኛው ፍጥነት በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል። የነጠላ ጫፍ ወይም የጋቢ ዘርፍ ቢይዝ፣ ሰውየው «ወይኔ» ብሎ ሳይጨርስ ጠቅልሎ ይስበዋል። በዚህ ምክንያት በእኛ ግቢ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ነጠላ የለበሰ ሰው፣ ትልቅም ቢሆን ትንሽ፣ ወደ ትራክተሩ አይቀርብም። የቤታችን እመቤት ምሳ ስታመጣ እንኳ ከአጥሩ ሆና ትጣራለች።

ይህን የምንለው ፈሪዎች ስለ ሆንን አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በእርሻ ሥራ ላይ ባለ ትራክተር ላይ እንዳይሳፈር ከልክሏል፤ ደንቡ በኋላ በሌላ ቢተካም የ13 ዓመቱ ወሰን አልተለወጠም። የስዊድን መንግሥት ደግሞ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ ትራክተር ሁሉ ሲገለበጥ ነጂውን የሚያድን ጠንካራ የብረት ቅስት እንዲኖረው አዘዘ፤ ከዚያ ወዲያ በመገልበጥ የሚሞተው ነጂ ቁጥር በጣም ቀነሰ። የእኛ 135 ይህ ቅስት የለውም። በአንድ በያጅ ቤት በቱቦ ብረት አሠርቶ መግጠምም መልካም አይመስለንም፤ ጥንካሬው ያልተፈተነ ብረት በክፉ ቀን ይታጠፋል፤ እስከዚያ ድረስም ነጂውን ያደፋፍረዋል። ስለዚህ ተዳፋት መሬት ላይ አናወጣውም፤ በለጥ ባለው ማሳችን ብቻ ይሠራል።

ለልጆቻችንም የነገርናቸው ይህንኑ የ13 ዓመት ወሰን ነው። ልጂቱ ሦስት ዓመት እንደ ቀራት በደብተሯ ጻፈች። ታናሹ ስድስት ዓመት መሆኑን በጣቶቹ ቆጥሮ ሲረዳ አለቀሰ፤ አባበልነው እንጂ ወሰኑን አልቀነስንለትም።

በመቀመጫው ፈንታ የሰጠናቸው ሥልጣን ነው። በግቢያችን ከጽዱ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ከትራክተሩ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከልጆቹ ጋር ሆነን ትራክተሩን አንድ ጊዜ እንዞረዋለን። ታላቂቱ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥታ በጨርቅ ጠርጋ ትመልሰዋለች፤ ዳግመኛ አውጥታ ልኩን ታነብባለች። ታናሹ አጎንብሶ ከሥሩ ያያል፤ ያንጠባጠበ ዘይት፣ የተኛች ድመት፣ ዶሮ እንዳለ ይናገራል። ከዚያ ሁለቱም ወደ ድንጋዩ ይሄዳሉ። እኛ መቀመጫው ላይ ሆነን ጮኽ ብለን «አንድ!» ስንል ታላቂቱ እጇን ታነሣለች፤ «ሁለት!» ስንል ታናሹ ያነሣል። ሁለት እጅ ካልታየ ቁልፉ አይዞርም። ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ከሁለቱ አንዱ ሁለት እጁን ወደ ላይ ከዘረጋ፣ ምክንያቱን ሳንጠይቅ የማቆሚያውን ዘንግ ስበን ሞተሩን እናጠፋለን። ነጂው ከኋላው ጎማ በስተጀርባ ያለውን አያይም፤ ከድንጋዩ ላይ የቆመ ልጅ ግን ያያል። ስለዚህ ይህ ሥልጣን ለማስደሰት ብቻ የተሰጠ የይስሙላ ሥልጣን አይደለም።

አንድ ቀን ታናሹ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሞተሩን አጥፍተን ምን እንደ ታየው ስንጠይቀው፣ በድንጋዩ ጫፍ ያረፈች ሰማያዊ ቢራቢሮ አሳየን። ወርደን ቢራቢሮዋን አየን፤ ውብ ነበረች። ጥቂት ከቆየን በኋላ እንደ ገና ተቆጥረው ሥራችንን ቀጠልን። አንዳንድ አንባብያን ይህ ልጅን ማቅበጥ ነው ይሉ ይሆናል። በበኩላችን ለቢራቢሮ የሚቆም ሞተር ለወደቀ ልጅም እንደሚቆም ልጁ ማወቁን እንወድዳለን።

ይህ ልማድ የተፈተነው ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ስንዴ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ነዶ የሚጫንበት ተሳቢ ከኋላ ተያይዞ፣ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ፣ እኛም ፊታችንን ወደ በሩ አድርገን ጭነቱ እስኪያልቅ እንጠብቅ ነበር። በዚያን ቀን ሊጠይቁን የመጡ የአባታችን ታላቅ ወንድም፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ በቤተሰቡ ሁሉ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ልጁን ከድንጋዩ ላይ እጁን ይዘው አመጡና «ና የኔ ጌታ፣ ከአባትህ ጎን ተቀመጥ» ብለው በፓራፋንጎው ላይ ሊያወጡት ብድግ አደረጉት። እኛ አላየንም። ያየነው ከጽዱ ሥር ብቻዋን የቀረችው ልጃችን ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ቆማ ነው። ሞተሩን አጠፋነው። በጸጥታው መካከል ሽማግሌው «ምን ሆናችሁ?» ብለው ጠየቁ። ልጂቱም አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ ቆጠራው አልሞላም» አለቻቸው።

በአገራችን ልማድ ልጅ ሽማግሌን አያርምም፤ እኛም በዚያች ቅጽበት ምን እንደምንል አሳስቦን ነበር። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ኋላም ልጁን በምድር ላይ አቁመው፣ እጁን እንደ ያዙ ወደ ድንጋዩ ተመለሱና «እንግዲያው እኔንም ቁጠሩኝ» አሉ። በዚያን ቀን እስከ ሦስት ቆጠርን።

አንድ የማንሸሽገው ነገር ደግሞ አለ። አሮጌ ዕቃ ለልጅ ሲሰጥ ታሪኩ አብሮ ይሰጣል፤ የዚህ ትራክተር ታሪክ ደግሞ የሃሪ ፈርጉሰንና የደቡብ ዋልታ ብቻ አይደለም። እናታችን ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥቶ ሁላችን በእልልታ ስንደሰት፣ እርሳቸው ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ልጂቱ ምክንያቱን እንድንነግራት ደጋግማ ጠየቀችን። እኛ ከምንነግራት ከባለቤቷ ብትሰማው ይሻላል ብለን ወደ አያቷ ላክናት። ከአንድ ሰንበት በኋላ፣ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ነገሯት።

አባታቸው በጭላሎ ጭሰኛ ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከስዊድን መንግሥት ጋር ሆኖ በዚያው አውራጃ ካዱ በመባል የታወቀውን የእርሻ ልማት ሥራ ጀመረ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበረ፤ የተመረጠ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያም መጣ። ነገር ግን ስንዴው ብዙ ትርፍ ማስገኘቱን የተመለከቱ ባለ መሬቶች ትራክተር እየገዙ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ እኩል የሚያርሱላቸውን ጭሰኞችም አስወጡ። በዚህ ዓይነት ከመሬቱ የተነቀለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ትራክተሩን በስዊድን አገር ነጂውን እንዳይገድል በሕግ አስጠንቅቀውታል፤ በጭላሎ ግን ጭሰኛውን እንዳያፈናቅል ያስጠነቀቀው ሕግ አልነበረም።

እናታችን ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቀይ ትራክተር በጧት መጥቶ ማሳውን እየዞረ ሲያርስ፣ የመጨረሻውን ትልም ያወጣው በቤታቸው ደጃፍ በነበረው የጎመን መደብ ላይ እንደ ነበረ ነገሯት። ድምፁም ይኸው ድምፅ ነው አሉ። አባታቸው ሁለቱን በሬዎች ነድተው፣ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ዘመድ ሄዱ። መሬትን የሕዝብ ያደረገው፣ ጭሰኝነትንም ያስቀረው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ እርሳቸው ለመስማት አልበቁም።

ልጂቱ ዝም ብላ ሰማች። ኋላም «እማማ፣ እንግዲያው ትራክተሩን እንሽጠው?» አለቻቸው። እናታችን ከት ብለው ሳቁ። «ብረት ምን አጠፋ! ስንዴውን ያግባ እንጂ» አሉ። ቀጥለውም ያን የብሎኑንና የዘይቱን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር እንድታመጣ አዘዟት። ደብተሩ የሚጀምረው በሞተሩ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ገጽ ግን ወንድሟ ሥዕል ሊሥልበት ባዶ የተተወ ነበረ። እናታችን በዚያ ገጽ ላይ የአባታቸውን ስምና የተነሡበትን መንደር ስም እንድትጽፍ ነገሯት። ጻፈች። ጥቂት አሰብ አድርገው፣ የሁለቱንም በሬዎች ስም ጨምሪ አሏት፤ ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ አልፎ እንኳ አልረሱትም ነበር። ቦራና ዳልቻ ይባሉ ነበር።